ለበግ ጨጓራ የተባለ አሜን

ባለፈው ቅዳሜ ሞርስ ሮድ ላይ ካለው ሥጋ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ ከፊቴ የቆመች ሴትዮ የበግ ጨጓራ አዘዘች። ልጁ ከማቀዝቀዣው አውጥቶ ሚዛኑ ላይ ዘፍ ሲያደርገው ያ ሽታ መጣ። ያልታጠበ ጨጓራ ሽታ መቼም መግለጫ አያስፈልገውም። ሴትዮዋ አፍንጫዋን ያዘች፣ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «ኤጭ!» አለ፣ እኔ ግን ብቻዬን ሳቄ አመለጠኝ። ዞረው ሲያዩኝ አፈርኩና ስልኬን የማነብ መሰልኩ። ምን ብዬ ላስረዳ? የጨጓራ ሽታ ለእኔ የግጥም ሽታ ነው፤ የዊስኪ፣ ቀሚስ የለበሱ ሽማግሌዎችና የእናቴ አሜን ሽታ ነው ብል «ምን ነካት?» ከማለት ሌላ ምን ይሉኛል?

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ብሌንደን ታውንሺፕ ነው፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ። አባዬ ዌርሃውስ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ እማዬ ሰው ቤት እየሄደች አረጋውያን ትንከባከባለች። አባዬ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ስል ሽበታም ማለቴ አይደለም፣ ያኔ አርባም አልሞላው፤ የጉባኤው መሪ ማለቴ ነው፤ እሑድ እሑድ ከፊተኛው ወንበር የሚቀመጥና ማስታወቂያ የሚያነብ። ቤታችን የአልኮል ሽታ እንኳ ገብቶበት አያውቅም። እማዬ የሳል ሽሮፕ ስትገዛልኝ ጠርሙሱን አዙራ ጀርባውን አንብባ፣ አልኮል ካለበት መልሳ ሼልፉ ላይ ታስቀምጠው ነበር። እኔም እሷን አይቼ የአልኮል ሽታ ብቻውን ሰው ያሰክራል ብዬ አምን ነበር።

በዚያ ዊንተር እማዬ አፐር አርሊንግተን የሚባል ሰፈር አዲስ ሥራ ጀመረች። የምትጠብቃቸው ሰውዬ ስኮትላንዳዊ ናቸው፤ ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፤ ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን ስትሮክ መቷቸው ቀኝ እጃቸውንና አንደበታቸውን ወስዶባቸዋል። ስማቸው አሊስተር ነው። እማዬ ሰማንያ ዓመት ያለፈውን ሰው እንዴት ብላ በባዶ ስሙ ትጥራ? ከመጀመሪያው ቀን «ጋሼ አሊስተር» አለቻቸው። ልጃቸው ፊዮና «ጋሼ ምን ማለት ነው?» ብላ ስትጠይቅ እማዬ «ቢግ ብራዘር፣ በት ዊዝ ሪስፔክት» ብላ አስረዳቻት። ፊዮና ሳቀችና ከዚያ በኋላ እሷም በአባቷ ለማሾፍ ጋሼ ትላቸው ጀመር።

እኔን የሚጠብቅ ሰው ስላልነበረ ትምህርት በሌለ ቀን ሁሉ እማዬ ይዛኝ ትሄዳለች። ያን ዓመት ደግሞ ብርዱ ለጉድ ነበር፣ በሳምንት አንዴ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ጋሼ አሊስተር መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀምጠው ወፎች ያያሉ፤ እኔ ምንጣፉ ላይ ተጋድሜ እሳቸውን አያለሁ። ቀኝ እጃቸው ጭብጥ ብሎ ቀርቷል፤ አይከፈትም። እኔ ደግሞ ቃላቶቻቸው ሁሉ እዚያ ጭብጥ ውስጥ የተያዙ ይመስለኝ ነበር። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ባላቅቃቸው ቃል የሚወጣ መስሎኝ፣ እማዬ ልብስ ስታጥፍ ጠብቄ ቀስ ብዬ ጣቶቻቸውን እስባለሁ። እሳቸውም አይከለክሉኝም። እየሳቁ ያዩኛል።

የንግግር ሕክምና የምታደርግላቸው ሴት ስዕል ይዛ ትመጣለች። ድመት ታሳያቸዋለች፤ «ይሄ ምንድን ነው?» ትላለች። እሳቸው ያውቁታል፣ ዓይናቸው ያውቀዋል፣ ግን ከአፋቸው የሚወጣው «ዘ… ዘ… ዘ…» ብቻ ነው። በታንክስጊቪንግ በዓል ደግሞ ጓደኞቻቸው መጥተው ነበር አሉ። ሁሉም በተቀመጠበት ጋሼ አሊስተር አንድ ነገር ሊናገሩ ተነሡና ያው «ዘ… ዘ…» ሆነባቸው። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። እሳቸው ሹካቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ። ከዚያ ቀን በኋላ እንግዳ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፤ ከሕክምናዋ ሴትዮ ጋር እንኳ አፋቸውን አልከፍት አሉ።

«አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል» ትላለች እማዬ ስታያቸው፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

አንድ ቀን ለምሳ የምስር ሾርባ ሠራችላቸው። እማዬ ለምግብ ስትጸልይ መቼም ምግቡ ይቀዘቅዛል። ከሾርባው ትጀምርና ሾርባውን ወደ ሰጠው፣ ከዚያ ወደ ሕመምተኞች፣ ከዚያ ወደ መሪዎች፣ ከዚያ አገር ቤት ወዳሉት ዘመዶች ትሄዳለች። ያን ቀንም ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በአማርኛ ድምፅዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች ስትጸልይ ጋሼ አሊስተር ትክ ብለው ያዳምጧታል። ልክ ስትጨርስ ግራ እጃቸውን አነሡ። ማንኪያው በእጃቸው ነበር። አፋቸውን ከፈቱና ጀመሩ።

ቃል አይደለም የወጣው፣ ጎርፍ ነው! የሚያምር፣ ወፍራም፣ የሚንከባለል ድምፅ። «ዘ… ዘ…» የለ፣ መንተባተብ የለ። እማዬ አፏን ይዛ ቀረች።

«ሶሲ፣ ምን እያሉ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አይ ዶንት ኖው፣ ማም። ኢንግሊሽ አይደለም።» እንግሊዝኛ ይመስላል ግን አይደለም፤ አንድ ሁለት ቃል ይገባኝና መልሶ ይጠፋብኛል።

«የእናታቸው ቋንቋ ነዋ!» አለች። «ሰው ሲጸልይ በእናቱ ቋንቋ ነው የሚጸልየው። ዓይንሽን ጨፍኚ!»

ጨፈንኩ። ጋሼ አሊስተር የሆነ ቦታ ሲደርሱ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም አሉ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሆን እንደምታደርገው እጇን ዘርግታ «አሜን!» አለች። ቀጠሉ። ቆም አሉ፤ «አሜን!»፤ ቀጠሉ። እኔ በአንድ ዓይኔ ሰርቄ ሳይ ጋሼ አሊስተር ሾርባውን አፍጥጠው እያዩ፣ ማንኪያውን ወደ ላይ እየሰበቁ፣ ምላሳቸውን ከንፈራቸው ላይ እያዞሩ ነበር። ጸሎት ላይ ማንኪያ ይወዛወዛል እንዴ? ግን የአገሩ ሰው እንዴት እንደሚጸልይ እኔ በምን አውቃለሁ ብዬ መልሼ ጨፈንኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ በቀረበ ቁጥር ያው ነው። መጀመሪያ ጥቂት መስመር ነበር፤ ቀን በቀን እየረዘመ ሄደ። እማዬ ስሙን የማታውቀውን ጸሎት በአሜን እየደገፈች ወደፊት ታስኬደዋለች፤ እሳቸውም እያንዳንዱ ማረፊያ ላይ አሜኗን ጠብቀው፣ ልክ ስትል ፊታቸው ፈካ ብሎ ይቀጥላሉ። ታዲያ እማዬ ዝም ትላለች? እሑድ ተነሥታ በጉባኤው ፊት ምስክርነት ሰጠች። «የምጠብቃቸው አባት አንደበታቸው ታስሮ ነበር። አብሬያቸው ስጸልይ አፋቸው ተከፈተ፤ አሁን በየቀኑ ከእኔ በላይ ይጸልያሉ!» አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። አባዬ ከፊተኛው ወንበር ደረቱን ነፍቶ «ሃሌሉያ!» ሲል ትዝ ይለኛል። ፓስተሩም በሚቀጥለው ሳምንት ምስክርነቷን ስብከታቸው ውስጥ አስገቡት።

ገና ካለፈ በኋላ ጋሼ አሊስተር እማዬን በግራ እጃቸው ጎትተው ወደ ቁም ሳጥኑ ወሰዷት፤ መስመር መስመር ያለበት የሱፍ ቀሚስ አሳዩዋት። ከዚያ ካላንደሩ ላይ የጥር መጨረሻ አካባቢ ያለ አንድ ቀን በጣታቸው መቱ። ደጋግመው መቱ። እማዬ ግራ ገብቷት ፊዮናን ኮል አደረገቻት፤ ፊዮና ቅዳሜ መጣች። ምሳ ቀረበ፤ ጋሼ አሊስተር ማንኪያቸውን አንሥተው ጀመሩ፤ እማዬ አሜን አለች። ፊዮና ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ እስኪያልቅ ሰማች። ስትስቅ ነው ስታለቅስ አላወቅኩም።

«ብርቅነሽ፣ አባቴ እየጸለየ አይደለም» አለች በኋላ። «ግጥም ነው። በየዓመቱ የሀገራችንን ትልቅ ገጣሚ ልደት ስናከብር አባቴ ጓደኞቹ ፊት ቆሞ በቃሉ የሚለው ግጥም ነው፤ ንግግር ሲጠፋ በቃል የተያዘ ነገር አንዳንዴ ይቀራል።»

«ይሁን እንጂ። መዝሙረ ዳዊትም ግጥም ነው» አለች እማዬ፣ ተስፋ ሳትቆርጥ። «ለማን ነው ግጥሙ?»

«ለሃጊስ።»

«ሃጊስ ማነው?»

«ሰው አይደለም። የበግ ጨጓራ ነው። ጉበትና ልብ ተከትፎ፣ ከአጃና ከሽንኩርት ጋር ጨጓራው ውስጥ ይሞላና ይቀቀላል። ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ አባቴ ቢላ ይዞ ያወድሰዋል፣ ከዚያ ይቀደዋል፣ ከዚያ ሁላችንም ዊስኪ እንጠጣለን።»

እማዬ በደንብ እንዳልሰማች ሆና ወደ እኔ ዞረች። እኔም በአማርኛ ቃል በቃል ነገርኳት፤ ዊስኪው ላይ ድምፄን ቀነስ አድርጌ። እማዬ ጥግ ላይ የቆመው የጋሼ አሊስተር ዊልቸር ላይ ቁጭ አለች።

«ለጨጓራ» አለች። «እኔ ለጨጓራ ነው አሜን ስል የከረምኩት።»

ፊዮና ግን ጭንቀቷ ሌላ ነበር። ዘንድሮ ድግሱን ሰርዛዋለች። «ታንክስጊቪንግ ላይ የሆነውን ነግሬሻለሁ» አለች። «ጓደኞቹ ፊት ቆሞ መሀል ላይ ቢጠፋበት፣ ከዚያ በኋላ አፉን የሚከፍት አይመስለኝም። ለዘላለም ይዘጋል።» ጋሼ አሊስተር ይህን ሲሰሙ ጠረጴዛውን በግራ እጃቸው ደበደቡት፤ ሾርባው ፈሰሰ። ፊዮና አየቻቸው። «እሺ ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «ግን ከጠፋብህ እኔ መጥቼ አስቀምጥሃለሁ። አንተም ትቀመጣለህ።»

ማታ እራት ላይ አባዬ ነገሩን ሲሰማ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «ለጨጓራ! ብርቄ፣ ለጨጓራ!» እያለ ጠረጴዛውን ይመታል። ጎጃም ነው ያደገው፤ «ቢላ ይዘው ነው? ከፍ ዝቅ እያሉ? እንግዲያ ፉከራ ነዋ! ሰውዬው ፎካሪ ናቸው!» አለ። ከዚያ ድንገት ሳቁ ቆመ። ፓስተሩ ትዝ አሉት መሰለኝ።

«ምስክርነት ሰጥተሻል እኮ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ሰው ሁሉ ሰምቷል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም አሉ።»

«አውቃለሁ አልኩህ፣ ተስፍሽ!» እማዬ ሳህኑን ገፋችው። ትንሽ ቆይታ ግን ውሳኔዋን ተናገረች። «ጨጓራውን እሠራለሁ፤ ምግብ ነው። ሐኪሙ ከፈቀደ ዊስኪውንም በማንኪያ አጠጣቸዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። አሜን ግን ከዚህ በኋላ ከአፌ አይወጣም። ለጨጓራ አሜን ብዬ ጌታ ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?»

አባዬ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ።

ጨጓራውን የምትሠራው እሷ የሆነችው ፊዮና በየዓመቱ የምታዝበት ቦታ ቀኑ ስላለፈባት ነው። ፊዮና በስልክ አጣጠቡን ልታስረዳት ስትሞክር እማዬ «ለእኔ? ጨጓራ ማጠብ ለእኔ?» ብላ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስኖው ወርዶ መንገዱ ስለተዘጋ ፊዮና ራሷ አባቷ ጋ ከረመች፤ እኛ ደግሞ ቤታችን ከጨጓራ ጋር። በጨው፣ በሎሚ፣ በዱቄት እያሸች፣ ውኃ እየለወጠች ታጥበዋለች። ሽታው ኮሪደሩን አልፎ ፎቅ ደረሰ። በዚያ ብርድ መስኮት ሁሉ ተከፈተ፤ አባዬ ሳሎን ውስጥ ካፖርት ለብሶ፣ ኮፍያ አድርጎ ቴሌቪዥን ያያል። ጉበቱና ልቡ ደቅቆ ከአጃው ጋር ሲለወስ እማዬ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። «ይሄ እኮ ነፍስ የለውም» ብላ ቁንዶ በርበሬ፣ ኮረሪማና ትንሽ ሚጥሚጣ ጨመረችበት። ከዚያ የመዘምራንን ጋዋን በምትጠግንበት ነጭ ክር ጨጓራውን ሰፋችው። ስፌቷ መቼም ያምር ነበር።

የድግሱ ቀን መንገዱ ስለሚያንሸራትት የነዳው አባዬ ነው። ድግሱ የሚጀምረው ጋሼ አሊስተር ሳይደክማቸው ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። አባዬ ኪችን ውስጥ ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀመጠ። እንዲያወልቅ ብንለምነው «እኔ ሾፌር ነኝ፤ የዊስኪ ግብዣ አልመጣሁም» አለ። አንድ ቦርጫም ሽማግሌ ብርጭቆ ይዘው መጥተው ሲጋብዙት «ኖ ታንክ ዩ፣ አይ ድራይቭ» አለ። ሰውዬው ትንሽ ቆይተው ተመልሰው ሲመጡ አሁንም ከተቀመጠበት ሳይነሣ «አይ ድራይቭ» አላቸው።

ሳሎኑ በሽማግሌዎች ተሞልቶ ነበር። ወንዶቹ ቀሚስ ለብሰዋል! እኛ ሰፈር ያሉት የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሴቶች የሚለብሱትን ዩኒፎርም የመሰለ፣ ከረጅም ካልሲ ጋር። አንድም ሰው አይስቅም። ዊስኪው በብርጭቆ በብርጭቆ ተቀድቷል፤ የጭስና የመድኃኒት ሽታ አለው። እኔ ትንፋሼን ይዤ በሹራቤ እጅጌ አፍንጫዬን ሸፍኜ ሳሎኑን አቋረጥኩ። ሰክሬ እንደሆን ለማወቅ ኮሪደሩ ላይ ቀጥ ብዬ ተራመድኩ። አልሰከርኩም። ሁለተኛ ጊዜ ትንሽ አሸተትኩና እንደገና ተራመድኩ። ደስ አለኝ፣ ድፍረቱ ራሱ ደስ ይላል።

ከዚያ ከስፒከሩ ከፍ ያለ ሙዚቃ ለቀቁ። አባዬ ከኪችን «ይሄ መለከት ነው ወይስ የታመመ በግ?» አለ። ፊዮና መጥታ እማዬን «በይ፣ ምግቡን የሠራው ሰው ነው ይዞ የሚገባው» አለቻት። እማዬ ይህን ማንም አልነገራትም ነበር። ጨጓራው በትልቅ ሳህን ላይ እንደ ትራስ ተነፍቶ፣ እየጨሰ ተቀምጧል። እማዬ ይዛው ስትገባ ሁሉም ቆመው አጨበጨቡ፤ በሙዚቃው ምት ልክ። አንገቷን ደፍታ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ሮጣ ወደ ኪችኑ በር ተመለሰችና ፎጣዋን ያዘች።

ጋሼ አሊስተር ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸው ተበጥሮ፣ ወንበር ተደግፈው ቆሙ። ፊዮና ቢላውን ግራ እጃቸው ላይ አደረገችላቸው። ሙዚቃው ጠፋ። ጨጓራውን አዩት፣ ፈገግ አሉና ጀመሩ።

ድምፃቸው ሳሎኑን ሞላው። ቦርጫሙ ሽማግሌ አጠገባቸው ያለውን ሰው በክርናቸው ጎሰሙ። የፊዮና ፊት በራ። የመጀመሪያውን ክፍል ጨረሱ፤ ቆሙ።

ዝም ተባለ።

ጋሼ አሊስተር ጠበቁ። ቢላው አየር ላይ ነው። አፋቸው ከፈት ብሎ ቀርቷል። «ዘ…» አሉ። «ዘ…» አንዲት ሴትዮ ብርጭቆዋን ወደ ታች አየች። አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሁሉም ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ስለዚህ ሁሉም ዝም አሉ፤ ያ ዝምታ ልክ የታንክስጊቪንጉ ነበር። የጋሼ አሊስተር ፊት መቅላት ጀመረ። ፊዮና ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። እሳቸው ግን እሷን አላዩም፤ ጨጓራውንም አላዩም። ወደ ኪችኑ በር ነበር የሚያዩት።

ያኔ ገባኝ። አልጠፋባቸውም! ግጥሙ ሁሉ አፋቸው ውስጥ አለ፤ የጎደለው አንድ ቃል ነው፣ ያም የእሳቸው አይደለም።

«እማዬ!» አልኩ፤ ያን ያህል ሰው ፊት በአማርኛ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። «አሜን እየጠበቁ ነው! አሜንሽን ነው የሚጠብቁት!»

እማዬ ፎጣዋን ጨምድዳ ይዛለች። መጀመሪያ ያየችው አባዬን ነው፤ ካፖርቱን እንደለበሰ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ቀጥላ ጋሼ አሊስተርን አየች። ፊዮና ክንዳቸውን ልትይዝ እጇን ዘርግታለች።

«አሜን!» አለች እማዬ።

እንዲያው አሜን አይምሰላችሁ። የትንሣኤ ማለዳ አሜን ነው! መስኮቱ የተርገበገበ መሰለኝ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዘወር አሉ። ጋሼ አሊስተር ግን ትንፋሽ ሳቡ፣ ቢላውን ከፍ አደረጉና እንደ ባቡር ተነሡ። በሚቀጥለው ማረፊያ ላይ እማዬና እኔ አብረን አሜን አልን። በሦስተኛው ቦርጫሙ ሽማግሌ ተቀላቀሉን። በአራተኛው ቤቱ ሙሉ «አሜን!» አለ፤ ቀሚሱም፣ ካልሲውም፣ ዊስኪውም። ቢላው ወርዶ ጨጓራው ሲቀደድና እንፋሎቱ ሲወጣ እማዬ ራሷን መግታት አቅቷት እልልታዋን ለቀቀችው። አቤት የዚያን ቀን ጩኸት! ፊዮና አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች፣ እሳቸው ይስቃሉ፣ ቢላው አሁንም በእጃቸው ስለሆነ እማዬ ሮጣ ቀማቻቸው።

ከዚያ ዊስኪው ተነሣ። ለጋሼ አሊስተር ሐኪሙ የፈቀደው አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፣ እሱም እንዳያንቃቸው በማወፈሪያ ዱቄት ወፍሮ እንደ ማር የሆነ። እማዬ የሥራ ጓንቷን አጠለቀች፤ ጠርሙሱን በባዶ እጇ አልነካም ብላለች። ሽማግሌዎቹ ብርጭቆአቸውን ወደ ላይ ያዙ፤ እማዬ ማንኪያውን ወደ ጋሼ አሊስተር አፍ አስጠጋች፤ ሁሉም አብረው ጠጡ። «አጎረስኳቸው እኮ» አለችኝ በኋላ፣ እሷም ገርሟት።

አባዬስ? ሳህን አምጥተው አጠገቡ አስቀመጡለት። ለወግ ያህል ቀመሰ። እንደገና ቀመሰ። «ብርቄ፣ ይሄ እኮ ዱለት ነው!» ብሎ ተነሥቶ ካፖርቱን አወለቀ። ሦስት ጊዜ ነው ያስጨመረው። ሚጥሚጣው ከንፈራቸውን ያቃጠላቸው ሽማግሌዎች ዓይናቸው እያነባ፣ ፊዮናን «ዘንድሮ ምን አድርጋችሁበት ነው?» ይሏታል።

በመኪና ስንመለስ ግን ሳቁ ቀስ በቀስ ከሰመ። እማዬ መስኮቱን ታያለች። አባዬ ስኖው ላይ ቀስ ብሎ ይነዳል። ምነው አንድ ነገር ቢላት እያልኩ ከኋላ ሆኜ ጠበቅኩ፤ ቤታችን እስክንደርስ ምንም አላለም።

እሑድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እማዬ ተነሣች። ማይኩን ተቀበለች።

«ስለ እነዚያ አባት ነግሬያችሁ ነበር» አለች። «ይጸልያሉ ብያችሁ ነበር። ተሳስቻለሁ። ጸሎት አልነበረም። ግጥም ነው… የበግ ጨጓራ የሚያወድሱበት ግጥም ነው። እኔ አሜን ስል የነበረው ለእሱ ነው። ሳላውቅ ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን አውቄ አልኩት። ዊስኪ በተጠጣበት ቤት።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቁ ሲያመልጠው ሰማሁ። ፓስተሩ ጫማቸውን ያያሉ። እማዬ ልትቀጥል አፏን ከፈተች፣ ቃሉ እንቢ አላት። «እኔ…» አለች። «እኔ አሜን ያልኩት… ለጨጓራው አይደለም። አፋቸውን ለከፈተው…» አለችና ድምፅዋ ተቆረጠ። ማይኩን ይዛ ቆመች። ያ ሁሉ ሰው፣ ሁልጊዜ እልል የሚል ሰው፣ አንድም ቃል አልወጣውም። እማዬ ወደ ፊተኛው ወንበር አየች።

አባዬ ተነሣ። ሱፉን ቆለፈ።

«አሜን!» አለ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ።

እማዬም ትንፋሽ ሳበችና ቀጠለች።